በጠቅታ የሚከፈልበት ማስታወቂያ፤ ትርፉና ኪሣራው እንዴት ይታወቃል?

ከአንድ ቡና ላኪ ነጋዴ ጸሐፊ

ነጋዴ ለማስታወቂያ ገንዘብ ማውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። በጋዜጣ ማሳወቅ፣ በራዲዮ ማስነገር፣ በሱቅ ደጃፍ ላይ ሰሌዳ መስቀል ሁላችንም የምናውቀው ነው። ነገር ግን በእነዚህ ዘዴዎች የተከፈለው ገንዘብ ስንት ገበያተኛ እንዳመጣ ለይቶ ማወቅ ሁልጊዜ ሲያስቸግር ኖሯል። በጠቅታ የሚከፈልበት የፍለጋ ማስታወቂያ ግን እያንዳንዱ ሳንቲም የት እንደ ዋለ የሚያሳይ መዝገብ አለው። መዝገቡም የሚጠቅመው ለሚያነበው ብቻ ነው። እኔ የአሠሪዬን ገንዘብ በዚህ ማስታወቂያ ላይ ሳወጣ በመጀመሪያ ኪሣራውን፣ ቀጥሎም ትርፉን ስላየሁ፣ የተማርሁትን ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ከአሠራሩ እንጀምር።

አሠራሩ

አንድ ሰው ዕቃ ሲፈልግ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ጉግልን በመሰለ የፍለጋ አገልግሎት ላይ የዕቃውን ስም ይጽፋል። አገልግሎቱም ከመልሶቹ ጋራ ጥቂት ማስታወቂያዎችን ጨምሮ ያሳየዋል። ሰውየው ማስታወቂያውን አይቶ ቢያልፍ ባለ ማስታወቂያው ምንም አይከፍልም፤ ማስታወቂያውን በጣቱ ተጭኖ ወደ ነጋዴው ድረ ገጽ ሲገባ ግን ሒሳብ ይታሰባል። ይህ አንድ ጊዜ መጫን «ጠቅታ» ይባላል።

ነገሩን ከገበያችን ልማድ ጋራ ብናነጻጽረው ይበልጥ ይገባናል። ደላላ ዋጋውን የሚቀበለው ሽያጩ ሲፈጸም ነው። በሱቃችን ደጅ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚጠራ ሰው ቀጥረን «ወደ ውስጥ ባስገባኸው ሰው ቁጥር እከፍልሃለሁ» ብንለው ግን፣ የገባው ሰው ቢገዛም ባይገዛም ጠሪው ገንዘቡን ይቀበላል። የጠቅታ ማስታወቂያ የሚመስለው ደላላውን ሳይሆን ይህን ጠሪ ነው። ስለዚህ ጠሪው ማንን እንዲጠራና ማንን እንዲተው፣ ለአንድ ሰውም ቢበዛ ስንት እንዲከፈለው አስቀድሞ መወሰን የነጋዴው ፈንታ ነው።

የአሠራሩ ታሪክ ረዥም አይደለም። በ1990 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1998) ቢል ግሮስ የሚባሉ አሜሪካዊ ያቋቋሙት ጎቱ የተባለ ኩባንያ የፍለጋ ቃሎችን በጠቅታ ዋጋ በሐራጅ መሸጥ ጀመረ። ጉግል በጥቅምት 1993 ዓ.ም. የራሱን የማስታወቂያ አገልግሎት ሲከፍት የሚያስከፍለው ማስታወቂያው በታየበት ብዛት ነበር፤ በየካቲት 1994 ዓ.ም. ግን እርሱም ወደ ጠቅታው ሐራጅ ተሻገረ። አገልግሎቱ ቀድሞ አድወርድስ ይባል ነበር፤ ከሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጉግል አድስ ተብሏል። የማይክሮሶፍት ኩባንያም ተመሳሳይ አገልግሎት አለው።

ሐራጁ እኛ ከምናውቀው ሐራጅ የሚለይበት ነገር አለ። በእኛ ሐራጅ ከፍ ያለ ዋጋ የጠራ ያሸንፋል። በዚህኛው ግን ማስታወቂያው ከተፈለገው ነገር ጋራ መስማማቱና ሰው ጠቅ አድርጎ የሚያርፍበት ገጽ ጥሩነትም አብሮ ይመዘናል። ለመረዳት ያኽል፣ አንዱ ነጋዴ ለአንድ ጠቅታ 40 ብር ቢጠራና የማስታወቂያው ጥራት ከ10 ነጥብ 4 ቢያገኝ፣ ሁለቱ ሲባዙ 160 ይሆናሉ። ሌላው 25 ብር ቢጠራና ጥራቱ 8 ቢሆን ብዜቱ 200 ነው። ስለዚህ 25 ብር የጠራው ከላይ ይቀመጣል። የሚከፍለውም የጠራውን ሙሉ ዋጋ ሳይሆን ከበታቹ ያለውን ለመብለጥ የሚበቃውን ነው፤ ይኸውም 160 ለ8 ሲካፈል 20 ብር ግድም ነው። የዛሬው ስሌት ፈላጊው ያለበትን ቦታ፣ ሰዓቱንና ሌሎችንም ነገሮች ስለሚጨምር ከዚህ ምሳሌ የረቀቀ ነው፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው። ጥሩ ማስታወቂያና ጥሩ ገጽ ያዘጋጀ ሰው ከተፎካካሪው በረከሰ ዋጋ የተሻለ ቦታ ያገኛል።

እኛ የከሰርነው እንዴት ነው

አሠሪዬ ያልተቆላ ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴ ናቸው። አንድ ወዳጃቸው በዚህ ማስታወቂያ ገዢ ማግኘቱን ነግሯቸው ኖሮ አንድ ቀን ጠሩኝና «እንግሊዝኛውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ጀምሪው» አሉኝ። እኔም በችኮላ «ኢትዮፒያን ኮፊ»ና «ግሪን ኮፊ» የሚሉ ሁለት ሰፋፊ ቃሎች መርጬ፣ አገሩን «ዓለም በሙሉ» ብዬ ከፈትሁት። ጠቅታው እንደ ጎርፍ መጣ። አሠሪዬም በየማለዳው ቁጥሩን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። ወሩ ሲፈጸም ግን ገንዘቡ አልቆ አንድም ውል አልተፈረመም።

ሰዎቹ የጻፏቸው የፍለጋ ቃሎች የተመዘገቡበትን ሰንጠረዥ ከፍቼ ሳነበው አፈርሁ። «ኢትዮፒያን ኮፊ» ብለው ከፈለጉት መካከል አንዳንዶቹ የኢትዮጵያ ቡና እግር ኳስ ክለብ ስንት ለስንት እንደ ወጣ የሚጠይቁ ነበሩ። ሌሎቹ በከተማቸው ቡናችን ተፈልቶ የሚጠጣበት ቤት የሚሹ፣ ሌሎቹም የአፈላሉን ሥርዓት ለማወቅ የፈለጉ ነበሩ። «ግሪን ኮፊ» ደግሞ በእኛ ንግድ ያልተቆላ ቡና ማለት ሲሆን፣ በውጭ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ለመክሳት የሚዋጥ እንክብል ስም አድርጎ ነው። ለኮንቴነር ገዢ ብለን በከፈትነው በር ክብደት መቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች ገቡበት፤ ለያንዳንዳቸውም ከፈልን።

ከዚህ የባሰም ነገር ነበር። ከመጡት ደብዳቤዎች አንዱ የእውነተኛ ገዢ ነበር። ቡና ቆልቶ የሚያከፋፍል አንድ የአውሮፓ ቤት የጉጂ ቡና ናሙና እንዲላክለት ጠይቆ ነበር። ደብዳቤው ግማሽ ኪሎ ቡና በፖስታ እንድንልክላቸው በጠየቁ ሰዎች መልእክቶች መካከል ተቀብሮ 11 ቀን ቆየ። እኔ መልስ ስጽፍ ናሙናውን ከሌላ ላኪ መቀበሉን በትሕትና ገለጸልኝ። ደብዳቤውን አትሜ በአሠሪዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት። አንብበው ሲጨርሱ «ለጠቅታው የከፈልነው ሄደ ይባላል፤ ይሄኛው ግን ገዢ ነበር» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ማስታወቂያውን ሊያዘጉት ሲሉ ሌላ ዕድል እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። «እንግዲያው ሒሳቡን አስቀድመሽ በወረቀት አሳዪኝ» ብለው ፈቀዱልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በእኔ ደረሰ፤ በመጀመሪያ ልሠራው ይገባኝ የነበረውን በመጨረሻ ሠራሁት።

አንድ ጠቅታ ለነጋዴው ስንት ያወጣል?

ሒሳቡ እጅግ ቀላል ነው። የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው። 1ኛ፤ ከአንድ ሽያጭ የሚቀረው ትርፍ ስንት ነው? 2ኛ፤ ከ100 ጠቅታ ስንት ሰው ይጠይቃል? 3ኛ፤ ከጠየቁት ውስጥ ስንቱ ይገዛል?

አንድ አስመጪ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ በ30,000 ብር ይሸጣል እንበል። የግዢው ዋጋ፣ ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የሱቁ ወጪ ተደምሮ 25,000 ብር ቢሆን ከአንድ ፓምፕ 5,000 ብር ይቀረዋል። ከ100 ጠቅታ 4 ሰዎች ስልክ ቢደውሉና ከ4ቱ አንዱ ቢገዛ፣ አንድ ፓምፕ ለመሸጥ 100 ጠቅታ ያስፈልጋል ማለት ነው። 5,000 ብር ለ100 ሲካፈል 50 ብር ይደርሳል። ይህ 50 ብር የመጨረሻው ወሰን ነው፤ አንዱን ጠቅታ በ50 ብር የገዛ ነጋዴ ሳይከስርም ሳያተርፍም ይወጣል። ከትርፉ ግማሹን ለራሱ ለማስቀረት የሚሻ ከ25 ብር በላይ ሊከፍል አይገባውም።

ይኸው ነጋዴ ሳያሰላ ለአንድ ጠቅታ 60 ብር ቢከፍል ምን ይሆናል? ለ100 ጠቅታ 6,000 ብር አውጥቶ የ30,000 ብር ዕቃ ይሸጣል። ወረቀቱን ከላይ ለሚያየው ሰው የማስታወቂያውን ወጪ አምስት እጥፍ ስለ ሸጠ የተሳካለት ይመስላል። እውነቱ ግን 5,000 ብር ለማግኘት 6,000 ብር አውጥቷልና በያንዳንዱ ፓምፕ 1,000 ብር ከስሯል። ሽያጩ በበዛ ቁጥር ኪሣራውም ይበዛል። ስለዚህ የማስታወቂያ ወጪ መመዘን የሚገባው ከሽያጩ ጋራ ሳይሆን ከትርፉ ጋራ ነው።

ሒሳቡ ሌላም ነገር ያስተምራል። ነጋዴው በ60 ብር ዋጋ እንዳለ ገጹን ቢያሻሽልና ስልኩን ፈጥኖ ቢያነሣ፣ በዚህም ምክንያት ከ100 ጠቅታ 2 ሰዎች ቢገዙት፣ 10,000 ብር ትርፍ አግኝቶ 6,000 ብር ለማስታወቂያ ይከፍላል፤ 4,000 ብርም ይተርፈዋል። የጠቅታው ዋጋ አልተለወጠም። የተለወጠው ከጠቅታው በኋላ በነጋዴው ቤት የሚደረገው ነገር ነው። ብዙ ነጋዴ ሲከስር ጠቅታው ተወደደ ብሎ ያማርራል፤ ኪሣራው ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ባልተነሣው ስልክና ባልተመለሰው ደብዳቤ ላይ ነው።

በቡና ንግድም ስሌቱ ያው ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ጆንያ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ይይዛል። ከኪሎ 10 የአሜሪካ ሳንቲም የተጣራ ትርፍ ቢቀር ከኮንቴነሩ 1,920 ዶላር ይገኛል። አንድ ኮንቴነር ለመሸጥ 800 ጠቅታ ቢያስፈልግ የአንዱ ወሰን 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። እኔ «ገዢው በየዓመቱ ስለሚመለስ ወሰኑን ከፍ ብናደርገውስ?» ብል፣ አሠሪዬ «ያልተፈረመ ውል ከትርፍ አይቆጠርም» ብለው ከለከሉኝ። እንደ ነገሩ አካሄድ ልክ ነበሩ።

ሥራው ገና ሲጀመር ከ100 ጠቅታ ስንት እንደሚገዛ ማንም አያውቅም። ስለዚህ በጥቂት ገንዘብ ፈትኖ ማየት ያስፈልጋል። ለፈተናውም ትዕግሥት ይገባል። ከ100 ጠቅታ አንድ ገዢ የሚሰጥ ማስታወቂያ በየመቶው አንድ ገዢ እየቆጠረ አያስረክብም። በዕድል ሒሳብ ሲሰላ፣ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የመጀመሪያው 100 ጠቅታ ያለ ገዢ የማለፉ ነገር ከ100 ጊዜ 37 ያኽል ነው። ስለዚህ በ100 ጠቅታ ገዢ ጠፋ ብሎ መዝጋት ችኮላ ነው። 300 ጠቅታ ያለ ገዢ ካለፈ ግን፣ እንዲህ ያለው አጋጣሚ ከ100 ጊዜ 5 ብቻ ስለሚደርስ፣ ቃሉን ወይም ገጹን መለወጥ ይገባል።

ቃል መምረጥና ማረም

የፍለጋ ቃል እንደ እርሻ ነው፤ ዘርቶ መተው አይቻልም፤ መታረም አለበት። አገልግሎቱ ነጋዴው የመረጠውን ቃል ሰው ከጻፈው ጋራ በሦስት መንገድ ያዛምዳል። በሰፊው ማዛመድ ለቃሉ የሚቀርብ መስሎ የታየውን ሁሉ ያመጣል። በሐረግ ማዛመድ የሐረጉን ትርጉም የያዙትን ብቻ ያመጣል። በትክክለኛው ማዛመድ ደግሞ ያንኑ ቃል ወይም በትርጉሙ አንድ የሆነውን ያመጣል። አዲስ ጀማሪ ከጠባቡ ተነሥቶ ወደ ሰፊው ቢሄድ ይሻለዋል። እኔ የተነሣሁት ከሰፊው ነበርና እንደዚያ ሆንሁ።

በሁለተኛው ጊዜ ሁለቱን ሰፋፊ ቃሎች ሰርዤ የቡና ገዢ የሚጽፋቸውን ረዘም ያሉ ሐረጎች መረጥሁ። እነዚህም በእንግሊዝኛቸው «ያልተቆላ የይርጋ ጨፌ ቡና በጅምላ»፣ «የጉጂ ቡና ላኪ»፣ «የሲዳማ ቡና በኮንቴነር» የሚሉና የመሳሰሉት ናቸው። የሚፈልጓቸው ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ነገር ግን በጅምላና በኮንቴነር ብሎ የሚጽፍ ሰው ለመክሳት የሚፈልግ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ ጋራ «የተከለከሉ ቃሎች» የሚባለውን ዝርዝር ሞላሁ። ፈላጊው በዚህ ዝርዝር ያለ ቃል ከጻፈ ማስታወቂያው አይታየውም። ክለብ፣ ጨዋታ፣ ካፌ፣ አፈላል፣ መክሳት፣ እንክብልና ክፍት የሥራ ቦታ የሚሉትን ሁሉ በእንግሊዝኛቸው ከለከልሁ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ነገር አለ። የተከለከለ ቃል ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን ሌሎች ቃሎች አብሮ አይከለክልም፤ ነጠላ ቁጥሩን የከለከለ ሰው ብዙ ቁጥሩንም ለይቶ መጻፍ አለበት። የፍለጋ ቃሎቹን ሰንጠረዥ በየሳምንቱ ማንበብና አረሙን መንቀል ደግሞ የማይተው ሥራ ነው። እኔ ሰኞ ማለዳ ፖስታውን ከፍቼ ከመጨረሴ በኋላ አነበዋለሁ።

ለአስመጪም ይኸው ይሠራል። «የመኪና መለዋወጫ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም። የመኪናውን ስም፣ ሞዴሉንና ዓመቱን ጠቅሶ «የፍሬን ሸራ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን መኪናው ቆሞበት ገንዘቡን ይዞ የወጣ ነው። ስለዚህ አስመጪው በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ በስሙና በቁጥሩ ለይቶ ቢያስታውቅ ጥቂት ከፍሎ ብዙ ይሸጣል።

ቦታ፣ ሰዓትና በጀት

ማስታወቂያው በየት አገር እንደሚታይ ሲመረጥ የሚያሳስት ነገር አለ። አገልግሎቱ ሲከፈት አስቀድሞ በተመረጠው ደንብ ማስታወቂያው የሚታየው በቦታው ላሉት ብቻ ሳይሆን ስለ ቦታው ለሚጠይቁትም ጭምር ነው። አዲስ አበባን የመረጠ ባለ ሱቅ ይህን ደንብ ካልለወጠው በዋሽንግተን ተቀምጦ ስለ አዲስ አበባ የሚፈልግ ወገናችን ጠቅ ሊያደርግበት ይችላል። ያ ሰው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ አይመጣም። ስለዚህ «በቦታው ያሉ ሰዎች» የሚለውን መምረጥ ይገባል። እንዲሁም ማስታወቂያው ከፍለጋው ውጭ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ እንዲታይ የሚፈቅደውን ምርጫ ጀማሪው ቢዘጋው መልካም ነው፤ በዚያ የሚያየው ሰው ሌላ ነገር ሲያነብ ያገኘው እንጂ ዕቃውን ሲፈልግ ያገኘው አይደለም።

እኛ ዓለምን በሙሉ ትተን ቡናችንን ከቀድሞ ጀምሮ የሚገዙትን ጀርመንን፣ ቤልጅግን፣ አሜሪካን፣ ጃፓንንና ሳዑዲ ዓረቢያን መረጥን። የገዢዎቹ ቢሮ ክፍት በሚሆንበት ሰዓትም ወሰንነው። የሰዓቱ ሰሌዳ የሚሠራው ሒሳቡ በተከፈተበት አገር ሰዓት ስለ ሆነ የየአገሩን ልዩነት ማስላት ያስፈልጋል። በሳዑዲ ዓረቢያ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ መሆኑንም መርሳት አይገባም።

በጀትን በሚመለከት፣ ነጋዴው የሚወስነው የቀን አማካይ ነው። አገልግሎቱ በአንድ ቀን እስከ እጥፉ ድረስ ሊያወጣ ይችላል፤ በወሩ ውስጥ ግን ከቀኑ አማካይ 30.4 እጥፍ አያልፍም። ይኸውም በቀን 5 ዶላር የወሰነ ሰው አንዳንድ ቀን 10 ዶላር ሲወጣ ቢያይ አይደንግጥ፤ በወር ግን ከ152 ዶላር አይበልጥበትም።

እዚህ ላይ ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የጠቅታው ዋጋ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሬ ነው፤ የአገር ውስጥ ሽያጭ የሚገኘው ግን በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ግድም የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያን ጊዜ ወሰኑን እንደገና ያላሰላ ሰው በዶላር ምንም ሳይጨምር በብር እጥፍ ሊከፍል ይችል ነበር። ስለዚህ ምንዛሬው በተለወጠ ቁጥር ወሰኑን በአዲሱ ዋጋ መሥራት ያስፈልጋል። ላኪ ግን የሚያገኘውም የሚከፍለውም በውጭ ገንዘብ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ጭንቀቱ ያነሰ ነው።

የማስታወቂያው ቃልና ገጹ

የማስታወቂያው ርእስ ከ30 ፊደል፣ መግለጫውም ከ90 ፊደል ሊበልጥ አይችልም። ነጋዴው እስከ 15 ርእሶችና እስከ 4 መግለጫዎች ጽፎ ቢያስገባ አገልግሎቱ እያቀያየረ ያሳያቸዋል። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ «ምርጥ»፣ «አንደኛ»፣ «ወደር የሌለው» እያሉ ማባከን አይገባም። ታይቶ ለታለፈ ማስታወቂያ ክፍያ ስለሌለ፣ የማይገዛውን ሰው ገና ከደጅ መመለስ ትርፍ ነው። እኛ «በጅምላ ብቻ» የሚለውን በርእሱ ላይ ስንጽፍ ግማሽ ኪሎ የሚፈልገው ሰው ሳይጫነው አለፈ፤ እኛም ሳንከፍል ቀረን።

ጠቅ ያደረገው ሰው የሚያርፍበት ገጽ ማስታወቂያው የተናገረውን ነገር በቀጥታ ማሳየት አለበት። የጉጂ ቡና የፈለገውን ሰው የድርጅቱ ታሪክና የመሥራቹ ፎቶግራፍ ወዳለበት ገጽ መላክ፣ ጨርቅ ሊገዛ የመጣን ሰው በጓዳ በኩል እንደ ማስገባት ነው። እኛ ለየቡናው ዓይነት አንድ ገጽ አዘጋጀን። በገጹም ደረጃው፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑ፣ የምርቱ ዘመን፣ የሚሸጠው ዝቅተኛ መጠን፣ ናሙና የሚላክበት ሁኔታና ጭነቱ በጂቡቲ ወደብ የሚወጣ መሆኑ ተጻፈ። ገጹ በስልክ ላይ ፈጥኖ እንዲከፈትም ከባድ ፎቶግራፎቹን አስወጣን።

መዝገብ መያዝ

አገልግሎቱ ከጠቅታው በኋላ ሰው የጥያቄ ቅጽ ሞልቶ እንደ ሆነ ወይም ስልክ ደውሎ እንደ ሆነ ሊቆጥር ይችላል። ይህ ቆጠራ ሳይዘጋጅ ማስታወቂያ መክፈት ያለ ሚዛን ቡና እንደ መግዛት ነው። ነገር ግን የሚቆጠረው ነገር በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። ዋጋውን አገልግሎቱ ራሱ እንዲወስን የፈቀደ ነጋዴ የቆጠረለትን ነገር አብዝቶ ይሰጠዋል። ጠቅታ እንዲበዛለት ካዘዘ ጠቅታ ይበዛለታል። የግማሽ ኪሎውን ጥያቄ ከኮንቴነሩ እኩል ከቆጠረም የግማሽ ኪሎው ጥያቄ ይበዛለታል። እኛ በቅጹ ላይ «የሚፈልጉት መጠን ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ጨምረን በጅምላ የጠየቀውን ብቻ እንዲቆጥር አደረግን።

የቡና ውል በአንድ ቀን አይፈጸምም። ናሙና ይላካል፤ ይቀመሳል፤ ዋጋ ይነጋገሩበታል። ስለዚህ ከአገልግሎቱ ቆጠራ ሌላ በእጄ የምይዘው አንድ መዝገብ አለ። በመዝገቡ ደብዳቤው የመጣበት ቀን፣ ገዢው የጻፈው የፍለጋ ቃል ከታወቀ ቃሉ፣ አገሩ፣ የጠየቀው መጠን፣ መልስ የተሰጠበት ቀን፣ ናሙና የተላከበት ቀንና የውሉ ውጤት ይጻፍበታል። ለባለ ሱቅም ቢሆን ስልክ ለሚደውል ሁሉ «ሱቃችንን በምን አወቁት?» ብሎ ጠይቆ በደብተር መጻፍ ይበቃዋል።

ለማን አይሆንም?

ይህ ማስታወቂያ ለሁሉም ንግድ አይስማማም። ከአንድ ዕቃ ጥቂት ብር ብቻ የሚያተርፍ የሰፈር ሱቅ፣ ስኳርና ክብሪት ለመሸጥ ጠቅታ ቢገዛ ሒሳቡ አይወጣለትም። እንዲህ ያለው ነጋዴ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ያለ ክፍያ የሚገኘውን ነው። ጉግል የንግድ ቤትን ስም፣ ቦታውን በካርታ ላይ፣ ስልኩንና የሚከፈትበትን ሰዓት በነጻ ይመዘግባል። ሰዓቱን በትክክል መጻፍና የደንበኞችን አስተያየት በትሕትና መመለስ ብቻ ብዙ ገበያተኛ ሊያመጣ ይችላል። እንዲሁም የገዛ ድርጅትን ስም ቃል አድርጎ ለመግዛት መቸኮል አይገባም፤ በስማችን የፈለገን ሰው ተፎካካሪ ካልጠለፈው በቀር ያለ ክፍያም ያገኘናል።

የሚስማማው ከአንድ ሽያጭ ደኅና ትርፍ ለሚቀረው፣ ገዢውም ዕቃውን በስሙ ለይቶ ለሚፈልግ ንግድ ነው። የማሽን አስመጪ፣ የመለዋወጫ አከፋፋይ፣ የቡና፣ የሰሊጥና የቆዳ ውጤት ላኪ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ማጠቃለያ

የእኛን ነገር ለመጨረስ፣ በሁለተኛው ጊዜ ጠቅታው ከመጀመሪያው ወር በእጅጉ አነሰ። አሠሪዬም ቁጥሩን ሰምተው ፊታቸው ጠቆረ። ደብዳቤዎቹ ግን ናሙና የሚጠይቁ፣ ደረጃውን ለይተው የሚጽፉ ነበሩ። ለያንዳንዳቸውም በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ መልስ ሰጠሁ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ኮንቴነር በዚህ መንገድ ተሸጠ፤ የማስታወቂያው ወጪ፣ የመጀመሪያው ወር ኪሣራ ሳይቀር ተደምሮ፣ ከትርፉ በታች ሆነ። ያ የጉጂ ቡና ጠይቆን የነበረው ቤት ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ደብዳቤው በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተያይዟል፤ ከዚያ ያልተነሣውም ሆን ብለን ነው።

ስለዚህ ነጋዴዎች ወደዚህ ገበያ ከመግባታቸው በፊት ወሰናቸውን በትርፋቸው ልክ እንዲያሰሉ፣ ቃላቸውን በየሳምንቱ እንዲያርሙ፣ ከሁሉም በላይ ለመጣው ሰው ፈጥኖ የሚመልስ ሰው እንዲያዘጋጁ አሳስባለሁ። አሠሪዬ ዛሬ ሰኞ ማለዳ ሲገቡ እንደ ቀድሞው «ስንት ጠቅታ መጣ?» አይሉኝም። የሚጠይቁኝ «ስንት ደብዳቤ መጣ? ለስንቱስ መልስ ሰጠሽ?» ብለው ነው።